የመዝገብ ቤት ሰው ለምን አይጮህም?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አካባቢ ያደገ ሰው ይህችን ነገር ያውቃታል። አንድ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ዓይንና ናጫ ሲሆን አይባረርም፣ ከደመወዙም አይቆረጥም። መዝገብ ቤት ይመደባል። ደረጃው ሥር ወዳለችው፣ አምፖሏ ከተቃጠለ በኋላ ማንም ወዳልቀየረላት ክፍል። "እዚያ ቁጭ ብሎ ይቆዝም" ነው ነገሩ። ይሄ ለቅጣት የተላከ ሰው ታዲያ በእጁ የያዘው ምንድን ነው? የአባታችሁን የቅጥር ደብዳቤ፣ የእናታችሁን የቤት ካርታ፣ ወረዳው የዛሬ ሠላሳ ዓመት የትኛውን መሬት ለማን እንደሰጠ የሚናገር ቃለ ጉባኤ። አገር የምታስታውሰውን ነገር ሁሉ ለተቀየምነው ሰው አስረክበን ለጥ ብለን እንተኛለን። ጉድ እኮ ነው!

የባሰው ጉድ ደግሞ ሥራውን ወዶና ተምሮ የሚገባው ወጣትም ዝም የሚል መሆኑ ነው። እስቲ ሪከርድና ማህደር ተምሮ የተመረቀ ጓደኛ ካላችሁ ምን እንደተማረ ጠይቁት። ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ፣ ለፋይል ቁጥር መስጠት፣ ቦክስ ፋይል በተራ መደርደር፣ አቧራና ምስጥ መከላከል፣ አሁን አሁን ደግሞ ስካን ማድረግ ይላችኋል። ጥሩ። ቀጥላችሁ ደግሞ ይህን ጠይቁት፦ "በጀት ሲከለከል እንዴት እንደምትከራከር፣ አዲሱ ኃላፊ 'ይሄን ቆሻሻ አውጥታችሁ አቃጥሉልኝ' ሲል ምን ብለህ እንደምትመልስ፣ ለወረዳው ምክር ቤት ይሄ ክፍል ለምን እንደሚያስፈልግ እንዴት እንደምታስረዳ ስንት ሰዓት ተማርክ?" መልሱ ሳቅ ከሆነ እኔ ምንም አልጨምርም።

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። የነገ የመዛግብት ባለሙያዎች ፋይል መደርደርን በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ለፋይል መሟገትን መማር አለባቸው። በትርፍ ሰዓት በሚሰጥ ሴሚናር ሳይሆን ፈተና ባለው፣ ወድቀው ሊደግሙት በሚችሉ ትምህርት። መጀመር ያለበት ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከአሶሳ ነው።

ለምን አሶሳ?

ምክንያቱም ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዶሴው ከሌላ ሰው ቤት የቀረበት ክልል ነው። ካርታውን አስቡት። አሶሳና ካማሺ ከወለጋ፣ መተከል ደግሞ ከጎጃም መጥተው ነው አንድ ክልል የሆኑት። የንጉሡን ዘመንና የደርግን አብዛኛውን ዕድሜ አንዱ ወገን ለነቀምቴ፣ ሌላው ለደብረ ማርቆስ ሲጽፍ ኖሯል። በ1980 ዓ.ም. ደርግ አሶሳንና መተከልን ራሳቸውን የቻሉ አስተዳደር አካባቢዎች አደረጋቸው። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ እዚያው ደረሰ፣ ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ከዚያ ክልሉ ተመሠረተ። ሰው ቤት ሲቀይር እንኳ ግማሹ ወረቀት ይጠፋል። ይሄ ክልል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሯል።

ወደ ኋላ ደግሞ ሂዱ። የአዲስ አበባ ልጆች "ሸጎሌ! ሸጎሌ!" የሚለውን የታክሲ ረዳት በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። ሸጎሌ ሼህ ሆጀሌ ነው። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን በአዲስ አበባ መኖሪያ ነበራቸውና ሰፈሩ በስማቸው ተጠራ፤ ስሙ በአፍ ሲመላለስ ጊዜ ተሸርሽሮ ሸጎሌ ሆነ። መለያው ተፍቆ የጠፋ ፋይል ማለት ይሄ ነው። ዕቃው አለ፣ ሁላችንም በየቀኑ እናልፍበታለን፣ ምን እንደሆነ የሚነግረን ወረቀት ግን ከላዩ ላይ ወድቋል።

የአሶሳ ልጅ የከተማውን የ19ኛ ክፍለ ዘመን ታሪክ በወጉ ላንብብ ቢል የሚነገረው መጽሐፍ ጣሊያናዊው የታሪክ ሰው አሌሳንድሮ ትሪውልዚ የጻፈው ነው። ስለ ጨው፣ ስለ ወርቅና ስለ ቤላ ሻንጉል ሼሆች የሚተርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ናፖሊ ላይ በእንግሊዝኛ የታተመ። ሰውየውን አላማም፤ እንዲያውም ይመስገን። ይኸው ሰው ከተሰማ ታአ ጋር ሆኖ በነቀምቴ ከእነ ኩምሳ ሞረዳ ዘመን የተረፉትን ደብዳቤዎች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እንዲታተሙ አድርጓል። ልብ በሉ፤ እነዚያ ደብዳቤዎች የተገኙት አንድ ሰው ስላልጣላቸው፣ ሌላ ሰው ደግሞ "ዋጋ አላቸው" ብሎ ስለተከራከረላቸው ነው። ለነቀምቴ የሆነው ለአሶሳ የማይሆንበት ምክንያት የለም። የጎደለው ሁለተኛው ሰው ነው።

"ማን መቼ መጣ?"

ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ብትጠይቁት ወሬ ነው። አሶሳና ፓዌ ላይ ግን ወሬ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች እያነሳ ወደ ምዕራብ ሲያሰፍር አሶሳና መተከል ዋና መዳረሻዎች ነበሩ። ሰፋሪው በቤተሰብ ተመዝግቧል፣ በመንደር ቁጥር ተደልድሏል፣ መሬት ተለክቶ ተሰጥቶታል። ከዚያ ቀደም እዚያው የሚኖሩት የበርታና የጉሙዝ ሰዎች ያጡት መሬትም የዚያው ታሪክ ሌላኛው ገጽ ነው። ዛሬ የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሽናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ብሎ ይጠራል፤ ሌላው ነዋሪ ደግሞ በስም ሳይጠራ አብሮ ይኖራል። በእንዲህ ያለ ቦታ ማን የት ነበረ፣ ማን በማን ትእዛዝ መጣ፣ የትኛው መሬት ከማን ተወሰደ የሚለው ነገር ወይ በወረቀት ይመለሳል፣ ወይ በአሉባልታ።

አሉባልታው ሲመልስ ምን እንደሚሆን አይተናል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ፋይል ጥይት ያቆማል የሚል ሞኝ አይደለሁም። ግን ጥይቱ ካቆመ በኋላ የሚመጣው ሥራ በሙሉ የፋይል ሥራ ነው። ማን ሞተ? የማን ቤት ነበር? ተፈናቃዩ ሲመለስ ማሳው የሱ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ልጁ ስንተኛ ክፍል ነበር? እነዚህን የሚመልሰው የቀበሌው መዝገብ ነው፤ መዝገቡን ተሸክሞ የሚሸሽ ሰው ካለ። ማንም አስተምሮት ያውቃል? በአደጋ ጊዜ ከቢሮው መጀመሪያ የሚወጣው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ የመሬት መዝገቡ?

አሁን ደግሞ ከቀበሌ ወደ ድንበር እንውጣ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች የኢትዮጵያና የሱዳንን ድንበር የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። በዚያ ውል ቤኒሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል ሆነ። በዚያው ውል ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ስለ ዓባይ ውኃ የተጻፈው ነገር፣ በተለይም በአማርኛው ቅጂና በእንግሊዝኛው መካከል ያለው ልዩነት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይህንኑ ውል አውጥቶ፣ ኢትዮጵያ ውሉን የማትቀበል ከሆነ በቤኒሻንጉል ላይ ያላትም ሉዓላዊነት ጥያቄ ውስጥ ይገባል የሚል መግለጫ አወጣ። ግድቡ ጉባ ላይ ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሁሉ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ተርባይኑና ስለ ቦንዱ ሰማን። ስለ ወረቀቱ የሰማነው ካርቱም ስትጠቅስብን ነው! በዚያ ውል፣ በወሰን አካላዮቹ ማስታወሻና በድንበር ሹማምንቱ ደብዳቤ ላይ አፉን ሞልቶ የሚናገር አንድ የአሶሳ መዛግብት ባለሙያ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

እዚያው ካርቱም ላይ ሌላም ነገር ሆኗል። የአሶሳ ሼሆች ከአንድ ወገን በላይ ነበር የሚጻጻፉት፤ ንግዱም፣ ዝምድናውም፣ ጠቡም ወደ ሱዳን ይሻገር ነበርና የታሪካቸው አንዱ ክፍል የተጻፈው እዚያ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በጀመረው የሱዳን ጦርነት የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲው የመሐመድ ዑመር በሽር የጥናት ማዕከል በተቃጠለ ጊዜ የሱዳን ምሁራን ለዘመድ እንደሚያለቅስ ሰው አለቀሱ። በእንግሊዝ የደርሃም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሱዳን መዛግብትን ሲሰበስብ ባይቆይ ኖሮ ኪሳራው የት በደረሰ። ከዚህ ወገን፣ ከአሶሳ፣ "በጎረቤት የሚቃጠለው ወረቀት ውስጥ የእኛም አለበት" ብሎ የጮኸ ሰው ግን አልሰማሁም። ለመጮህ መጀመሪያ ያለህን ማወቅ፣ ቀጥሎ መናገር መድፈር ያስፈልጋል። ሁለቱም ደግሞ ይማሩታል እንጂ አብሮ አይወለድም።

"ባለሙያ ገለልተኛ ነው"

የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ። "የመዛግብት ሰው ገለልተኛ ሲቪል ሰርቫንት ነው፤ አክቲቪስት አታድርጉት" ይባላል። ደስ የሚል አባባል ነው፤ በተለይ ለአለቆች። ዳኛ በከሳሽና በተከሳሽ መካከል ገለልተኛ ነው። ችሎቱን ሊያፈርሱ ሲመጡ ግን ገለልተኛ ሆኖ ወንበሩን አያቀብልም። የመዛግብት ሰውም በፋይሉ ውስጥ ማን ትክክል እንደሆነ አይፈርድ፤ ፋይሉ ይኑር አይኑር በሚለው ላይ ግን ወገን ካልያዘ ሌላ ምን ሥራ አለው?

የራሳችንን ታሪክ እንይ። የቀይ ሽብር ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ሲቆሙ ከምስክር ባላነሰ ያስያዛቸው የገዛ ወረቀታቸው ነው። ደርግ ሲገድል እንኳ ይጽፍ ነበር፤ ትእዛዙን፣ ስሙን፣ ፊርማውን፣ ማህተሙን። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ እነዚያን ዶሴዎች ሰብስቦ ነው በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉት። ወረቀቱ የተረፈው ግን ማንም ስለተሟገተለት አይመስለኝም። መንግሥቱ ሸሸ፣ አዲስ አበባ በቀናት ውስጥ ተያዘች፣ ለማቃጠል ጊዜ አጠረ። ዕድል ነው።

ዕድል የሌላቸው ደግሞ አሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993፣ አፓርታይድ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የስለላ ድርጅቱ ብቻውን ወደ 44 ቶን የሚጠጋ ሰነድ አጠፋ። ቶን ነው ያልኩት፣ ኪሎ አይደለም። ወሬው እንዲወጣና ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንዲደርስ ካደረጉት መካከል በመንግሥት ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ እንደ ቨርን ሃሪስ ያሉ ባለሙያዎች ይገኙበታል። ሁሉን አላዳኑም፤ ግን ጥፋቱ ራሱ ታሪክ ሆኖ ተመዘገበ። እነዚያ ሰዎች "እኛ ገለልተኛ ነን" ብለው ቢሆን ዛሬ ያ 44 ቶን መኖሩንም አናውቅም ነበር።

ሁለተኛው መልስ "ሁሉም ዲጂታል ይሆናል፣ ምን አስጨነቀህ" የሚለው ነው። በጨርቅ የተሸፈነ ስካነር ያለበትን ቢሮ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ያልተለየ ወረቀት ስካን ስታደርገው የምታገኘው ያልተለየ ፎቶ ነው። ሃርድ ዲስኩ በአንድ ሰው መሳቢያ፣ ይለፍ ቃሉ በተዛወረ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው። መብራቱን ደግሞ ተዉት። ይህን እለፉት።

"አገሩ ዳቦ ሳያገኝ ስለ ወረቀት?" የሚለው ግን ቆም ብዬ ልመልስለት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ከልብ የሚጠይቁት ሰዎች አሉ። ወረቀቱ እኮ ነው ዳቦው! ከካማሺ ተነስቶ አሶሳ የሚመጣ ጡረታ የደረሰ መምህር አስቡ። መጀመሪያ የተቀጠረው በወለጋ ክፍለ ሀገር ጊዜ ነው፣ ከዚያ ወረዳው ዞን ቀይሯል፣ ትምህርት ቤቱ ስሙን ቀይሯል። ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ከሌለ ዕድሜው ያከራክራል፤ የቅጥር ደብዳቤው ከሌለ ዐሥር ዓመት አገልግሎቱ እንዳልነበረ ይሆናል። አልጋ ይከራያል፣ መዝገብ ቤት ይሄዳል፣ "ነገ ና" ይባላል፣ ነገ ሲመጣ "ነቀምቴ ጠይቅ" ይባላል። ነቀምቴ ደግሞ "የእናንተን ለአሶሳ አስረክበናል" ይሉታል። ይሄ ሰው የሚበላው ዳቦ የት ነው ያለው? እናንተ ቆሎ የገዛችሁበትን ወረቀት ዘርግታችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዴ በታይፕ የተጻፈ፣ ማህተም ያለበት ይሆናል። የማን ዐሥር ዓመት ይሆን?

እሺ፣ ምን እናስተምር?

እዚህ ላይ ነው ስለ ሙግት ትምህርት የምንጀምረው። "ማህደር የአገር ቅርስ ነው" የሚል ባነር መስቀል ሙግት አይደለም። ያን ዐረፍተ ነገር ሰምቶ በጀት የፈታ የፋይናንስ ኃላፊ እስካሁን አልተወለደም። ተማሪው መማር ያለበት የአለቃውን ቋንቋ ነው። ባለፈው ዓመት ፋይል በመጥፋቱ ስንት ባለጉዳይ ስንት ጊዜ ተመላለሰ? ፍርድ ቤት "ማስረጃ አቅርቡ" ሲል ወረዳው ፋይሉን ስላጣ የተረታው ስንት ጉዳይ ነው፣ ስንት ብር ከፈለ? ይህን ቆጥሮ በአንድ ገጽ የሚያቀርብ የመዝገብ ቤት ሰው ከዚያች ጨለማ ክፍል በአንድ ዓመት ውስጥ ይወጣል።

ሕጉንም ይማር። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 179/1991 የወጣው ለጌጥ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ዜጋ ከመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ የተከለከለ ሰው ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። መብቱ ያማረ ነው። ግን "ፋይሉ ጠፍቷል" የሚለው መልስ ላይ ሲደርስ መብቱም እንባ ጠባቂውም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ የዚህ አዋጅ ዋናው ወታደር ጋዜጠኛው ሳይሆን መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ናት፤ ይህን የነገራት ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

አሶሳ ላይ ደግሞ ሌላ የሚጨመር አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ ቢሮው ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ አማርኛ ይናገራል። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሽማግሌ የሚያውቀው ግን ወረቀት ላይ የለም። እዚያ የሚሰለጥን ባለሙያ መቅረጫ ይዞ ወደ ሽማግሌዎቹ የሚሄድ፣ የቀዳውን ከነፈቃዱ፣ ከነቀኑና ከነስሙ የሚያስቀምጥ መሆን አለበት። ወረቀቱን ብቻ አድን ብለን ብናስተምረው ወረቀት የጻፈውን ወገን ብቻ እንዲያድን አስተማርነው ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ያን ድምፅ ይዞ በክልሉ ሬዲዮ ይቅረብ። አዳማጭ የአያቱን ቋንቋ ከቤተ መዛግብት ሲወጣ ከሰማ፣ ስለ መደርደሪያ በጀት ሲጠየቅ ፊቱን አያጠቁርም።

"የሚጮኽ ሰው ይባረራል" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ለዚህ ነው ጩኸት ትምህርት የሚያስፈልገው። ያልተማረ ሰው አለቃውን ኮሪደር ላይ ይሰድባል፣ በማግስቱም ይዛወራል። የተማረው "ይቃጠል" ሲባል በትሕትና "ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ" ይላል። በዚህች አገር ቢሮክራሲ ውስጥ ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ዐረፍተ ነገር የለም። ብቻውንም አይቁም፤ በዓለም ያሉ የሙያ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡትን፣ ዩኔስኮም በ2011 የተቀበለውን ዓለም አቀፍ የመዛግብት መግለጫ ያንብብ፣ ይጥቀስ። ሰኔ 2 የዓለም የመዛግብት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን የቢሮውን በር ከፍቶ የከተማውን ተማሪዎች ያስገባ፣ የየቀበሌያቸውን አሮጌ ቃለ ጉባኤ ያሳያቸው። ሕፃን ልጅ የአያቱን ስም በፋይል ላይ ካየ በኋላ ያን ፋይል ማቃጠል ቀላል አይሆንም።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በክልሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። አዲስ ሕንፃ አልጠየቅኩም፣ አዲስ ዲፓርትመንትም አልጠየቅኩም። አንድ ኮርስ ነው። ፈተናውንም ላውጣላችሁ፦ ተማሪው ከተማው ውስጥ ካሉት መዝገብ ቤቶች አንዱን ይመረጥለት፣ አንድ ወር እዚያ ይክረም፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ፋይናንስ ኃላፊ ገብቶ ለአንድ ክፍል መደርደሪያ፣ ለሁለት አምፖልና ለአንድ ቁልፍ ገንዘብ ያስፈቅድ። ፊርማና ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ከወጣ "ኤ" ይሰጠው። ባዶ እጁን ከወጣ ኃላፊው ምን ብሎ እንደከለከለው ጽፎ ያምጣ፣ ክፍሉ ይወያይበት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይግባ።